ከልብ በስተጀርባ

ፖርቶ፣ የኅዳር ዝናብ፣ የሆስፒታል ምድር ቤት፤
ጨለማ ነው ክፍሉ፣ ሰው የሚነበብበት።
ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ሻዬ ቀዝቅዟል፤
ስክሪኑ ላይ አንድ ደረት ይጠብቀኛል።

አደሊኖ ይባላል፣ ትራም ነጂ ነበር፤
ሳል ብቻ ነው ያለው፣ ሦስት ሳምንት ቢቆጠር።
ጎድኖቹ እንደ ማገር፣ ሳንባው እንደ ጥላሸት፤
በስተቀኝ፣ ወደ ታች፣ ነጭ ነገር አየሁበት።
ሽምብራ ታህላለች።
ክብ ናት። ዝም ብላለች።

እጄ ሊጽፍ ሮጠ፦ «ዕጢ ሳይሆን አይቀርም።»

እጄ እንዲህ አልነበረም።

አምና ነው። ወይዘሮ ኢቮኔ፣ ዓሣ ሻጯ፤
«ንጹሕ» ብዬ ፈርሜ ሸኘኋት ከነሳሏ።
ከልቧ ጥላ ኋላ አድፍጦ ነበረ፤
ልቧን አይቻለሁ፣ ልብ ማለቱ ቀረ።

እባብ ካየሁ ወዲህ ልጥ ሁሉ ይነድፈኛል፤
የደም ሥር ጫፍ፣ የድሮ ስብራት፣ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር
ዕጢ፣ ዕጢ ይለኛል።
በሰኔ አንዲት ልጅ፣ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣
ነቀርሳ ነው ብዬ አስለቀስኳት፣ እናቷን ጭምር።
ፀጉር ነበር። በቃ፣ ፀጉር።

ስለዚህ ዛሬ እጄን ያዝኩት።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
እኔ ቸኩዬ ሳፈስ ግን ለቃሚው ሌላ ሰው ይሆናል።

ዱልሴ ጋ ደወልኩ፣ የሌሊቷ አንሺ።
«ያን ሰው መልሺልኝ። ጡቶቹ ጫፍ ላይ
የሽቦ ቀለበት ለጥፊና ደግመሽ አንሺ።»
ሳቀች። «ኮቱን ለብሷል እኮ፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው።»
«ኮቱን ያውልቅ።»

ሁለተኛው ደረት መጣ።
ሽቦው ሽምብራዋን እንደ ፈርጥ አቅፏታል።
የጡት ጫፍ። አዳም ሁሉ ያለው።

ሳቄ መጣ። «ንጹሕ» ልል ፊደሉን ነክቼ ቆምኩ።
ዓይን አንድ ነገር ሲያገኝ ይጠግባል፤
የጠገበ ዓይን ደግሞ ይተኛል።

ወደ ልቡ ተመለስኩ።
ብርሃኑን ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ፤
ሰፊ ልብ ነው፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፣
የቆመ ትራም ይመስላል።
ከበስተጀርባው ምንም።
ደግሜ። ምንም።

ይህን «ምንም» ብቻውን አላመንኩትም፤
«የቀድሞ ፎቶው ይፈለግ፣ ጎን ለጎን ይታይ» ብዬ ጻፍኩ።
ኮሪደሩ ላይ ሲስል ይሰማኛል፣
ኮቱን እየቆለፈ።