በሐምሌ በረዶ

በቦውማንቪል ሐምሌ በጋ ነው፤ ሰማዩ ደመና አልቋጠረ፣
የትራኩ አስፋልት ከጠዋቱ ግሎ፣ ሬንጁ ጫማዬ ላይ ቀረ።
ትርሲት የራስ ቁሯን አጠለቀች፣ ጓንቷን በጥርሷ ሳበች፣
«ዛሬ ሰዓቴን እሰብረዋለሁ» ብላኝ ወጣች።

ያቺ መኪና የእጄ ሥራ ናት፣
ሦስት ክረምት ከሥሯ ተኝቼ የገጣጠምኳት፤
ሞላዋን ቆርጬ፣ የፍሬን ሸራዋን በጠጣር ለውጬ፣
የኋላ ወንበሯን፣ ምንጣፏን፣ ሬዲዮዋን ነቅዬ፣
እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ጎማ አጠለቅኩላት፣ «አሁን ሆነች» ብዬ።

አንዲት ነገር ብቻ አልነካሁም።
ከባትሪው ሥር ያለችውን፣ ቡጢ የምታህል የፍሬን አእምሮ።
ትምህርቷ የጥር ነው፤
ልጅ ከትምህርት ቤት የምትመልስ እናት፣ መስተዋት የመሰለ መንገድ፤
ጎማው እንዳይቆለፍ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ፣
መሪው እንዲታዘዝ፣ መኪናዋ ቦይ ውስጥ እንዳትወድቅ።

አምስተኛው መታጠፊያ ጋ፣ በመቶ ሰማንያ ፍጥነት፣
ትርሲት ፍሬን ረገጠች በሙሉ ጉልበት።
ጉብታ ነበረች። የፊት ጎማው ለቅጽበት አየር ላይ ቀረ፣
መዞሩን አቆመ።
ያቺ አእምሮ አየች፣ አሰላች፣
«በረዶ ነው» አለች።
በሠላሳ አራት ዲግሪ! ላብ ዓይን በሚያቃጥልበት!
አዘነችላት፤
ፍሬኑን ነፈገቻት።

ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ደግማ ረገጠች፤ ድንጋይ።
ወገቧን ሁሉ ጫነችበት፤ ድንጋይ።
እኔ ከግንቡ ጀርባ መፍቻ እንደያዝኩ
መኪናዬ ጠጠሩ ውስጥ ስትሰጥም አየሁ።
አቧራው ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም።
ከዚያ በመስኮቱ እጅ ወጣ፤ አውራ ጣት ቆሞ።

ተጎትታ መጣች። ተንበርክከን
ከዲስኩ መሐል ጠጠር ስንለቅም
«ፊውዟን ነቅዬ ልጣላት?» አልኩ፤ አፍሬ።
«አትንቀላት» አለች፣ ቀና ሳትል።
«በሚያዝያው ዝናብ ሁለት ጊዜ አውጥታኛለች።
ዛሬም አልዋሸችም፤ የምታውቀውን ነው ያደረገችው።
ጫማዋን የቀየርከው አንተ፤
ያልነገርካትም አንተ።»

መሸ። ተጎታቹን ልታመጣ ስትሄድ
ኮፈኑን ከፈትኩ። ያቺ ሣጥን ገና ትሞቃለች።
መዳፌን ጫንኩባት፤ ዙሪያዬን አየሁ፤
ሰው አለመኖሩን ሳረጋግጥ፣ ዝቅ ብዬ
«ሐምሌ ነው» አልኳት።