ሃያ ሦስተኛው መብራት

እሁድ ነው፤ ከዚራ ገና ዓይኗን አልገለጠች፣
ፀሐይም ከዛፎቹ ወዲያ ናት፣ አልመጣች።
ከባቡር ጣቢያው ፊት ሃያ ሦስት ሞተር፤
አንዱ ይስላል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ አልነሳም ብሎ ይንተከተካል ከሥር።

አብዶሽ በመሀላችን ይዞራል በቀስታ፣
ጎማ በጫማው ጫፍ፣ ፍሬን በጣቱ እየመታ።
የኢብሳን ሄልሜት ማሰሪያውን ስቦ ያጠብቃል፣
«ይሄ ለፎቶ ነው ለጭንቅላት?» ብሎ ይጠይቃል።
ሲቲናን፦ «የሻሽሽን ጫፍ አስገቢው እንጂ አቦ፣
ሰንሰለት አያዝንም፣ ይዞሽ ነው የሚሄድ ስቦ።»
ከዚያ ያችን ሕጉን፣ ስንት እሁድ የሰማናትን፣
ከእንቅልፍ ብንቀሰቀስ በቃል የምንላትን፦

«ጀመዓ!
ጎን ለጎን አትሂዱ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣
ፊት ያለው ድንገት ሲይዝ ማምለጫ እንዲገኝ።
ድንጋጎ ላይ መቀዳደም የለም፤
የጫት አይሱዙ ከመጣ መንገዱ የሱ ነው፣ አንከራከርም።
ደግሞ ሁሉም ከኋላው ያለውን መብራት
በመስታወቱ ይመልከት።
የጠፋበት ለት
ይቁም። ባለበት ይቁም።
ሌላ ሕግ የለንም።»

እኔ መጨረሻው ነኝ፤ ከኔ ኋላ አቧራ ነው።
ፊታቸው ቢጠፋኝ እንኳ ጀርባቸውን ነው የማውቀው፦
የዘኪን ጃኬት፣ ብብቱ የተተረተረ፣
የጉርሜሳን ትከሻ፣ ኩርባ ሳይደርስ መዝመም የጀመረ፣
የሲቲናን ቀኝ እግር፣ ጉድጓድ ስታይ የሚዘረጋ።
እሷ ስትዘረጋ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ምልክቷ ከእግር ወደ እግር እየተጠጋ
እኔ ጋ ይደርሳል።
ጉድጓዱን ሳላየው አውቀዋለሁ፤
ሃያ ሁለት ሰው አይቶልኛል፣ እኔ አልፈዋለሁ።

የድሬ ሙቀት እንደ ካፖርት ከትከሻችን ወለቀ፣
ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ረቀቀ።
ኩርባው ላይ ሁላችንም ባንድ ጎን ስንዘም
ሳቄ ሄልሜቴን ሞላው፤ በምን እንደሳቅሁ አላውቅም።
ብቻዬን ስነዳው ይሄ መንገድ አስፋልት ነበር፤
ያን ጠዋት ግን ይተነፍስ ነበር።

ከዚያ፣ ቀጭ።
ሰንሰለቴ ወለቀ።
ጥሩምባ ነፋሁ፤ ማን ሊሰማ? እጄን አነሳሁ፤ ማን ሊያይ?
የዘኪ ቀይ መብራት ከገደሉ ጥግ ጠፋ፤ ቀረሁ፣ ከአንድ ዝንጀሮ ጋር፣ ድንጋይ ላይ።
መፍቻው ከጣቴ እያመለጠ፣ ግራሶ እጄን እየያዘ፣
ጫት የጫነው አይሱዙ በነፋሱ እኔንም ሞተሬንም እያወዛወዘ።
«ሃያ ሁለትም ቁጥር ነው» አልኩት ዝንጀሮውን፣
«ማን ልብ ይላል?»
አልመለሰም። አከከ ጆሮውን።

ሰንሰለቱ ገባ። ልፈጥን ዳዳኝ፤ ልደርስባቸው፣
ኩርባውን በልቼ፣ ገደሉን ንቄ፣ ላባርራቸው።
የመጀመሪያውን ጥግ ስዞር ግን፣ ዘኪ፤
ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ሞተሩ ላይ በጎን ተቀምጦ፣ ለውዝ ይፈለፍላል።
ምንም አላለኝም። ቅርፊቱን ከጭኑ አራገፈ፣ ቁልፉን አዞረ።
ከሱ ወዲያ ጉርሜሳ፣ እጁን አጣምሮ።
ከጉርሜሳ ወዲያ ኢብሳ። ከኢብሳ ወዲያ ሲቲና፣ «መጣ?»
በየጥጉ አንድ አንድ ሰው፤ እንደ ሙስባሃ ፍሬ፣ ክሩን ይዞ፣ ሰልፉ ከተራራው ወጣ።
ማንም ማንንም አልጠራም። እያንዳንዱ የቆመው
ለኔ እንኳ አልነበረም፤ መስታወቱ ውስጥ ለጎደለችው
ለአንዲት ብርሃን ነው።

አናቱ ላይ አብዶሽ። ሄልሜቱን አላወለቀም፣
በመስታወቱ ቆጠረን እንጂ ዞር ብሎ አላየንም።
«ሃያ ሦስት» አለ። ድምፁ ትንሽ ተሰነጠቀ።

ሕጓን ከማውጣቱ በፊት ታናሽ ወንድም ነበረው።
መጉደሉ የታወቀው አወዳይ ደርሰው፣ ሻይ አዘው፣
አንድ ብርጭቆ ሲተርፍ ነው።

ከሐረማያ ወዲህ መንገዱ ሜዳ ነው፤
ሃያ ሦስት ጥላ ከጎናችን ይሮጣል።
እኔም መስታወቴን አየሁ።
አቧራ ነው።
አሁንም አያለሁ።