ወዲህ

አዘዞ፣ ካምፑ አጥር ሥር፣ ከእናቴ ከአንጓች ቤት፣
መለኪያ አጣቢ ነበርኩ፣ ገና በዘጠኝ ዓመት።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል፣ ኮሪያ ዘምቶ የመጣ፣
ከፈረንሳይ ወታደር ጋር በአንድ ኮዳ የጠጣ፣
ኒሻኑን አላየንም፤ ሸጦት ይሁን ጥሎት፤
ሁለት ቃል ግን ነበሩት፣ ምላሱ ላይ የቀሩት።

«ቫን ብላን ነው» ይል ነበር፣ «ነጩ የወይን ጠጅ፤»
ከምልምል አፍ ሲገባ ቃሉ ሆነ ሌላ ልጅ፦
«ባንበላ።»
ራሽን በዘገየ ቀን፣ ቆሎው ባለቀ ማታ፣
«አንጓች፣ ባንበላ ቅጂ!» ይላሉ በጫጫታ።
ባንበላም እንጠጣ ነው፣ ነገሩ ለገባው ሰው፤
ነጭ ወይን ከየት መጥቶ! ቅራሪ ነው የምትቀዳው።

ሁለተኛው የአረቄ ነው፤ «ኦ ደ ቪ» ብሎ ሳቀ፣
«የሕይወት ውሃ ማለት ነው።» የእናቴ ፊት ደረቀ፤
«ማየ ሕይወትስ ጠበል ነው! አፍህን ያዝ፣ አንተ ሰው!»
ገሥጻው ስታበቃ፣ እስከ አፍ ሞልታ ሰጠችው።
ኦ ደ ቪም ወር ሳይሞላው ጎንደሬ ሆነና፣
«ወዲህ» የሚል ስም ወጣለት፣ ያለ ቄስ ያለ ክርስትና።

አንድ ቀን አዲስ የመቶ አለቃ፣ ግንባሩን አጨማድዶ፣
«ወዲህ!» ብሎ ቢጮህብኝ፣ እጄ በፍርሃት ርዶ
ሙሉ መለኪያ አቀረብኩ።
አየው። ጠጣው። የመጣበትን ረሳ።

የሁመራ ለታ ሌሊት፣ መኪናው ሁሉ ሲነሳ፣
ጓንጉል በአጥሩ ቀዳዳ ገባ፣ ቀበቶውን እያጠበቀ።
«አንድ ወዲህ፣ በዱቤ» አለ፤ በኩራዝ ፊቱ ደመቀ።
ጨለጠው። መለኪያውን ደፍቶ አስቀመጠ፣ እንግዲህ፤
ሄደ ወዲያ፣ ሆዱ ይዞ የእናቴን አንድ ወዲህ።

ግድግዳው ላይ በከሰል የጫረችው አንድ መስመር አለ።
በየፋሲካው ቤቱን ስትለቀልቅ፣ በጭቃና በእበት፣
እሱ ጋ ስትደርስ እጇ ይዞራል።
የሌላው ሰው ዱቤ ሁሉ ተከፍሏል፣
ያልተከፈለውም ተለቅልቋል።

አሁን ካምፑ ሌላ ጦር ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ
ኪሱ ባዶ ሲሆን «ባንበላ» ይላል፤
ከፈረንሳይ የመጣ ነው ብለው ይስቅብኛል።

እናቴ ጃጅታለች። አንዳንድ ማታ፣ ወደ አጥሩ ዞራ፣
«ወዲህ» ትላለች፣ ቀስ ብላ።
መለኪያ ላንሳ ወይስ በሩን ልክፈት፣
ይኸው ስንት ዓመት፣
አላወቅሁም።