ቀዩ ገመድ

ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት። ኤድመንተን። እሑድ።
በጋሽ ልሳኑ ቶዮታ ለቅዳሴ ስንነጉድ፤
ከኋላ እኔና እትዬ ብርነሽ፣ ከፊት ሞገስ ልጁ ነው፣
ነጠላችን ከካፖርት ሥር፣ ትንፋሻችን መስተዋቱን ሲያለብሰው።
የዚያን ቀን መቁረብ ነበር የጋሽ ልሳኑ አሳቡ፣
ከትናንት ቀትር ጀምሮ ውሃ አልደረሰ አጠገቡ፤
ንስሐ ገብቶ፣ ቀኖናውን ጨርሶ፣
ሰባት ዓመት ፈርቶ ፈርቶ፣ ገና አሁን ልቡ ደርሶ።

መቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና፣ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ፣
አንዲት መኪና ቆማለች አፏን ከፍታ ወደ ሰማይ።
አጠገቧ ሴት፣ የጽዳት ልብሷ ከካፖርቷ ሥር ወርዶ፣
ያለቀሰችው ዕንባ ሽፋሽፍቷ ላይ ሆኗል በረዶ።
ከኋላ ወንበር ሕፃን አለ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦበት፤
አፍንጫው ብቻ ይታያል፣ መስኮቱን ውርጭ ጋርዶበት።

ሁለት መኪና አለፏት፤ ባንዱ መስኮት ነጠላ አየሁ፤
እኔም «ሌላ ሰው አይጠፋም፣ ኪዳኑ ደርሷል» አልሁ።
ጋሽ ልሳኑ አልመለሰም። ፍሬቻ አብርቶ ዞረ፤
አፍንጫ ለአፍንጫ አቁሞ፣ ከኋላ መበርበር ጀመረ።
ዕቃ መጫኛው ሱቅ ነው፦ አካፋ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ሻማ፣
ድመት የሌለው ሰው የድመት አሸዋ፣ ለሚንሸራተት ጎማ።
ቀይና ጥቁሩ ገመድ በብርዱ እንደ ጠፍር ደርቆ፣
በባዶ እጁ ሊፈታታው፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣
«እግዚኦ» ይላል ዝቅ ብሎ፣ ለእሷ ይሁን ለባትሪው፤
ለመኪናዋ የሚጸልይ መሰላት። ምናልባትም ነው።
አንዴ ሞከረች፤ ተክ፣ ተክ። ዝም። ሁለተኛም ዝም ነው፤
«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ትጠጣ» አለ፣ እሱ ውሃ ያልቀመሰው።

ሃያ ደቂቃ። እትዬ ብርነሽ ውዳሴዋን ደግማ ጨረሰች፤
ሞገስ ተኛ። እኔ ተናደድኩ። ከዚያ መኪናዋ አገሳች።
ሴትየዋ ልትከፍለው ብላ ቦርሳዋን ስትከፍት፣
«ነገም ይሞትብሽ ይሆናል» ብሎ፣ ገመዱንም ጨምሮ ሰጣት።

ከሉተራኖች ተከራይተን በምንቀድስበት ምድር ቤት፣
ወንጌል ተነቦ ደረስን፤ ጫማው በር ላይ ተከምሯል እንደ ምርት።
ከወንጌል በኋላ የመጣ እንደማይቆርብ ያውቃል፤
ግድግዳውን ተደግፎ፣ ቅባት የነካው ጣቱን ያሻል።
መጋረጃው ሲገለጥ፣ ሰው ሲሰለፍ፣ ሕፃናት ሲቀድሙ፣
ልዋሽ አልችልም፤ ከፍቶት ነበር፤ ፊቱ ላይ ነበር ሕመሙ።
የዚያችን መኪና ባለቤት ሥጋ ወደሙ ሲቀበል አየሁት፤
ልፈርድበት ቃጣሁና፣ በራሴ አፍ ያልኩትን አስታወስኩት።

«ቆጨህ ወይ?» አልኩት ስንመለስ፤ «እንዴት አይቆጨኝ» አለ።
መብራት ያዘን። ወደ ቀኝ አየ። ሌላ ቃል አላከለ።

ረቡዕ ማታ ደወለ፣ «ውረጂ፣ ከታች ነኝ» ብሎ፤
አዲስ ገመድ ገዝቷል፣ ሁለት፤ አንዱን ለእኔ ጠቅልሎ።
«መኪና የለኝም እኮ» አልኩ። «ይኖርሻል» አለና ከፈተ ክዳኑን፤
በስልኬ ብርሃን አሳየኝ የባትሪውን መደመርና መቀነሱን።
«ጥቁሩ መጨረሻ ነው፤ ከባትሪው አርቀሽ፣ ብረት አስነክሺው፤
ቀዩን ግን ከሞተው ጀምሪ፤ ከጤነኛው እንዳትጀምሪው።
ከሞተው ነው የሚጀመረው።» «እሺ» አልሁ፤
ጓንቴን በጥርሴ አወለቅሁ።