የመሐሉ ኳስ

ፊትሽ ይጠፋኛል፣ ኦስናት፣ ልንገርሽ እውነት፤
እኔ የማውቅ ጀርባሽን ነው፣ ያን ዐሥራ አንድ ዓመት።
እኔ ኳስ ልለጋ ከዳር፣ አንቺ መረቡ ሥር፣
ከወገብሽ ኋላ ጣትሽ ተሸሽጎ ሲናገር—
አንድ ጣት፦ «እቆያለሁ።» ሁለት፦ «እሻገራለሁ።»
የጨበጥሽው እንደሆን፦ «እንዳሻሽ ምቺ፣ አምንሻለሁ።»

ያሸነፍነው ገንዘብ ለሁለት ተከፍሎ፣
ለመመለሻ ትኬት እንኳ ሳይሞላ ጎድሎ፤
ስማችን በጋዜጣ፣ ከነጠላዎቹ ግርጌ፣ በደቂቅ ፊደል፣
የኔማ ሁልጊዜ ተሳስቶ፣ ካንቺ ስም ላይ ሲንጠለጠል።

ዛሬ አሽኬሎን ነኝ። የባሕሩ ነፋስ
አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ነጩን መስመር ሊያለብስ።
ከትምህርት መልስ ልጆች አሠለጥናለሁ፤
ዝናብ ሊመጣ ሲል ከጉልበቴ እሰማለሁ።

ትናንት አንዷ፣ ሺራት፣ «ለምን ተዋችሁት?» አለች።
ጉልበቴን አሳየኋት። አይታ አመነች።

ጉልበት መች ነበረ።
ያቺ ኳስ ናት፣ ዝግ ብላ በመሐላችን የመጣች፣
ሕፃን የሚመልሳት፣ የማንም ያልሆነች።
«ያንቺ ናት» ብዬ ተውኩ። «ያንቺ ናት» ብለሽ ተውሽ።
አንዴ ነጠረች፤ ሁለቴ። ዳኛው ጠራ። ዞር አልሽ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ፊትሽን አየሁት።
ያንን ነው የረሳሁት።

ሲመሽ ኳስ ለቅሜ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣
የሜዳውን በር ስቆልፍ ቁልፌን አውጥቼ፣
ግራ እጄ፣ ሳላዘው፣ ከወገቤ ኋላ ሄዶ
ተጨብጦ አገኘዋለሁ፣ ከኋላዬ ሰው ለምዶ።