ያልተለቀቀ

ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሙሴ ኖራይር ቤት
መስታወት አጣቢ ነበርኩ፤ ልጅነት።
አንድ ቀን ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ
አንድ መርከበኛ ዕዳውን ሊመልስ
በብር ፈንታ አልበም ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤
ጥቁር ክዳኑ ላይ የወርቅ ወፍ ነበረ።

ገለጥን።
የጃፓን አገር ሰው። ጃንጥላ። ድልድይ። ሻይ የያዘች ሴት።
ከዚያ ቀስተኛው፦
ደጋኑን ገትሮ፣ ራሱም ተገትሮ፣
አንድ ትከሻውን ከልብሱ አውጥቶ፣
ጉንጩ በብሩሽ ጫፍ ቀይ ቀለም ተቀብቶ።

“እይ” አለኝ ሙሴ፣ አጉሊውን ሰጥቶ፣
“ከክርኑ ኋላ ብረት አለ፣ ድጋፍ።
ያን ጊዜ ፎቶ በዓይን ቅጽበት አይነሣም፣
እስከ ዐሥር ይቆጠራል፤ መተንፈስ የለም።
ጦርነቱ አልቋል። ቀስቱም የዕቃ ቤት ነው።
ይሄ ሰው ምናልባት ሩዝ ነጋዴ ነው፤
ፈረንጅ እንዲገዛው ጀግንነት ተከራየ።”

እኔ ግን ፍላጻው ላይ ቀረሁ።
ከወረቀቱ ጠርዝ ወዲያ
ዒላማው ማን ነው?

የእኛም ግድግዳ ላይ አንድ ጦር ነበረ፣
በስሙኒ የሚከራይ።
የጉምሩክ ጸሐፊው፣ ጨርቅ ሻጩ፣ የባቡሩ ፍሬን ያዥ፣
ይዞት ይነሣል፣ ይመልሳል፣
ላቡን ጠርጎ ይወጣል።

አንድ ከሰዓት፣ የደቻቱ አሸዋ እግር ሲያነድ፣
ሮብሌ መጣ፣ ግመሎቹን ሸጦ።
ጦሩን ሲሰጡት ሳቀ፤
በመዳፉ መዘነው፤ “ጫፉ ደንዟል” አለ።
እንዳቆሙት አልቆመም።
ግራ እግሩን አስቀድሞ፣
ለተሳለው ፏፏቴ ጀርባውን ሰጥቶ፣
የሳጥኑን ዓይን አለመ።
“ማን ላይ ልወርውር?”

ሙሴ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር፣ ድምፁ ታፍኖ፣
“እኔ ላይ” አለ።
“ግን አትልቀቅ።”

አንድ። ሁለት። ሦስት።
ዝንብ ግንባሩ ላይ አረፈች፤ አላባረራትም።
ሰባት ላይ ገባኝ፦
ያም ሰው፣ ያ ብረት የደገፈው፣
እንዲህ ነበር የቆመው፤
ተነሺው አንሺውን አልሞ፣
አንሺው ተነሺውን አልሞ፣
ማን ማንን እንደሚስት ሳይታወቅ።

ሮብሌ ፎቶውን ሊወስድ አልተመለሰም።
ቤቱ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል።
መስታወቱ እኔ ዘንድ አለ፤
አንዳንዴ ወደ መስኮቱ አነሣዋለሁ፦
ጥርሱ ጥቁር፣ ፊቱ ነጭ፣
ጦሩ የብርሃን ክር፣
ክርኑ ሥር ምንም ብረት የለም።

ዐሥር ሳልል
ጎንበስ እላለሁ።