ዘርጋው

በርገን ላይ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሞላው፤
የእኔ ክንድ ግን ደርቋል፣ ጠብ የሚል የለው።

«ዘርጋው!» ትላለች ኢንግቪልድ ከበሩ ቆማ፣
ሰማያዊ ጓንት አጥልቃ የጎማ።
ስሜን መጥራቷ ነው። ፍቺውን አታውቅም።
እናቴ ስታወጣው ዘሩን፣ አጥሩን፣ ደጁን ነበር ያሰበችው፣
እንዲሰፋ፤
ይኸው በስተርጅናዬ ትራስ ላይ ክንዴን ዘረጋሁት፣
ነዳይ ለአላፊ አግዳሚው መዳፉን እንደሚያሳይበት።

ጎማው ክንዴን አነቀው።
«ጨብጥ። ልቀቅ። ጨብጥ።»
በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ትመታኛለች፣
ባለዕዳ ቤት እንደሚያንኳኳ አበዳሪ፤
ሰው ውስጥ እንዳለ ያውቃል፣ መልስ ግን የለም።

እኔም ይህን ሥራ አውቀዋለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ድሬዳዋ፣ ውሃና ፍሳሽ፤
አስፋልት ሥር የጠፋ ቧንቧ ስንፈልግ፣
የብረት ዘንግ ተክለን፣ ጫፉን ጆሯችን ላይ አስደግፈን፣
ሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ።
ካርታው ዋሾ ነበር፤ የቀበርነው እኛ፣ የረሳነው እኛ።
ውሃው በፈረቃ፦ ለከዚራ ሐሙስ፣ ለሳቢያን እሑድ፤
ጀሪካኑ ተሰልፎ፣ ሴቱ ሲያባብለው፣ ሲረግመው፣
ቧንቧው አፉን ከፍቶ አየር ብቻ ሲያፏጭ።

አሁን ፈረቃ የገባው ክንዴ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሥሬ ገመድ ያህል ነበር፤
ኢንግቪልድ ተማሪዎቿን ጠርታ አሳየቻቸው፣
እኔም እንደ ጎረምሳ ኮራሁ።
አሥራ አንድ ማክሰኞ መድኃኒቱ ሲወርድበት አረረ።
አንዱ መርፌ ሲያይ ይሸሻል፤
አንዱ ይፈነዳና ቆዳዬ ሥር ደመና ይሠራል፤
አንዱ ጠብታ ሰጥቶ፣ እንደ ስስታም ዘመድ
ወዲያው ይጸጸታል።

ስለዚህ ማንም ያላስተማረኝን ተማርኩ፦
ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ መጋት፣
አውቶቡሱን ትቶ ዳገቱን በእግር መውጣት፣
መታጠቢያ ቤት ገብቶ ክንድን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፣
ማታ በስልክ ለልጄ ለትርሲት «ቀላል ነበር» ማለት።
ደግሞም ቀልድ።

አንዴ ጠየቅኳት፣ ይህ በቋንቋችሁ ምን ይባላል?
እኛ ሥር እንላለን፣ እንደ ዛፍ።
ሳቀች። በእነሱ አፍ
የደም ሥርና የጀልባ መቅዘፊያ ስማቸው አንድ ነው።
«እንግዲያው አንቺ ቅዘፊ» አልኳት፣ «እኔ እቆፍራለሁ።»

ዛሬ ግን አልሳቀችም።
አንዴ ሳተች። ሁለቴ ሳተች።
ደንቡ ሁለት ነው፤ ሦስተኛው የአርቪድ ነው፣ የባለ አልትራሳውንዱ፣
አርቪድ ደግሞ ቀዶ ጥገና ክፍል ተጠምዷል።
አንገቷ ቀላ። ይቅርታ። ይቅርታ።
ሰፈር ከብቦ እጅህን ሲያይ
መፍቻው መዳፍህ ውስጥ እንዴት እንደሚያሟልጭ
እኔን ጠይቁኝ።
«አይዞሽ፣ ድገሚው» አልኳት። «ዓይንሽን ተዪው። አዳምጪ።»

ዓይኗን ጨፈነች።
ጣቷ ከክርኔ ወደ አንጓዬ ወረደ፣ ቆመ፣
ተመለሰ፣
ከአውራ ጣቴ ግርጌ፣ ማንም ካልጠረጠራት ቦታ፣ ረጋ።
ወጋች።
የመርፌው ጭራ ቀላ።

«ውሃ መጣ!» ብዬ ጮህኩ በአማርኛ፤
አጠገቤ የተኛው ሽማግሌ ባነነ፤
ኢንግቪልድ ጓንቷን እንዳጠለቀች
በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ያለው ብርድ ነው፣
መድኃኒቱ በክንዴ ሽቅብ ሲወጣ፣
ውጭ ያው ዝናብ መስኮቱን ሲልስ።
እንቅልፍ ጣለኝ። ሳላውቅ እጄን አጠፍኩ፤ ማሽኑ ጮኸ።
ከኮሪደሩ ማዶ፣ ለመቀስቀስ ብቻ፣
«ዘርጋው!» አለችኝ።

ዓይኔ ሳይገለጥ
ዘረጋሁት።